የወይዘሮ ዓለሚቱ ስለትና የእማማ ዘይነባ ማሞቂያ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ማራይከ አንድ ሠንጠረዥ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና፣ «ይኼ ሰው በአማካይ መቼ እንደሚሞት ይነግርሃል፤ እስከ ምሳ ድረስ አጥናው» አለችኝ።

እኔ ለመጀመሪያው ቀን ብዬ አዲስ ክራቫት አስሬ፣ ከሰፈሬ ከቢልመር በሜትሮ፣ ከአምስተርዳም ደግሞ በባቡር ዴን ሃግ ድረስ የሄድኩት በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ልሠራ ነበር። ከመልአከ ሞት ጋር አንድ ቢሮ እንደምጋራ የነገረኝ አልነበረም። ሠንጠረዡን ገለጥ አድርጌ የራሴን ዕድሜ ፈለግሁ። ያገኘሁት ቁጥር ደስ ስላላሰኘኝ መልሼ ከደንኩትና ዞር ብዬ አማተብኩ።

ድርጅቱ በድሃ አገሮች የሰው ዓይን ያሳክማል። የእኛ ክፍል ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለድርጅቱ ይሰጣል፤ ድርጅቱም በምላሹ፣ ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ የተወሰነ ክፍያ ይልክለታል። ሰውየው ሲያርፍ ክፍያው ይቆማል፤ የተረፈው ለዓይን ሕክምና ይውላል። ሰጪው በዕድሜ በገፋ ቁጥር ወርኃዊ ክፍያው ከፍ ይላል። ለምን ከፍ እንደሚል ሠንጠረዡን ያየ ሰው አይጠይቅም።

የክፍሉ ኃላፊ ማራይከ ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ ሩድ የሚባል የዕድሜ ስሌት ባለሙያ ነበር፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው። ከዚያ ነባሮቹ የለጋሾች ግንኙነት ሠራተኞች ይመጣሉ። ከሁሉ በታች እኔ፣ ተለማማጁ ጌታሁን ነበርኩ። ከዚያ በፊት ለዓመታት አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ የአንሶላ ጋሪ ስገፋ ኖሬ፣ ማታ ማታ ተምሬ ነው ክራቫት ያሰርኩት። ከተለማማጆች ሁሉ ሽማግሌው እኔ ነበርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስልክ ይደወላል። ከዚያ የቤት ጉብኝት ይደረጋል። ሩድ ያሰላል። ለጋሹ በነገሩ ላይ የሚያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ሁሉም ኖታሪሱ፣ ማለትም ውል አጽዳቂው፣ ዘንድ ይቀርባሉ፤ እሱም ውሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፣ «ገብቶዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያስፈርማል። እኔን የቀጠሩኝ በየከተማው ያሉትን የአገሬን ሰዎች እንዳነጋግር ነበር። ማራይከ እንዳለችው፣ አበሾቹ ይሰጣሉ፤ ውሉ ላይ ሲደርሱ ግን ይጠፋሉ።

የመጀመሪያው ስልኬ አላማረም። አንድ የአምስተርዳም አዛውንት ዘንድ ደውዬ፣ «ድርጅታችን ዕድሜ ልክ ሊሰጥዎት ይፈልጋል» ብዬ ጀመርኩ። «ምን አጥፍቼ ነው ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው። ከዚያ ወዲህ «እስካሉ ድረስ» ማለት ለመድኩ።

ነባር የደች ለጋሾችን ከሌሎች ሠራተኞች ጋር እየዞርኩ አየሁ። እነሱ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነው። ዴን ሃግ ባሕሩ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሩድ ያሰላውን ክፍያ አይተው፣ «እኔ በየጠዋቱ እዋኛለሁ፤ ብዙ ነው የምኖረው፤ ይኼን እንዳትረሱ» አሉን። ጨመር አድርጉልኝ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ሩድ ግን፣ በደችኛ ወይዘሮ ለማለት፣ «ሜቭራው፣ ብዙ የሚኖሩ ከሆነ መቀነስ ነው ያለብን» አላቸው። ሴትዮዋ ወዲያው ሳል ጀመራቸው።

የአገሬ ሰዎች ግን ሌላ ነበሩ። ከማራይከ ጋር ሆኜ የጎበኘኋቸው የመጀመሪያው ሰው የቢልመሩ አቶ በላይ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ። ስጦታውን ሲሰሙ ሳያቅማሙ ተስማሙ። ወርኃዊ ክፍያው ላይ ስንደርስ ግን እጃቸውን አወራጩ። «ኧረ በጭራሽ! ሰጥቼ ልቀበል? አይገባም!»

ተረጎምኩ። ማራይከ ፈገግ ብላ፣ «ጥሩ፤ አይፈልጉም ማለት ነው» አለችና ፋይሏን ዘግታ ተነሣች። የአቶ በላይ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

ሊፍት ውስጥ ስንገባ፣ «እምቢ አላሉም እኮ» አልኳት።

«‹ኔ› ብለህ የተረጎምከው አንተ ነህ» አለችኝ፤ ‹ኔ› በደችኛ አይሆንም ማለት ነው።

«‹ኔ› ነው ያሉት። ግን የመጀመሪያው ነው።»

«ስንት ‹ኔ› ነው ያለው?»

«እንደ ሰውየው ነው» አልኳት። እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ እምቢ እንደሚል፣ አንድ ጊዜ ጋብዞ የተወ ሰው ከልቡ እንዳልጋበዘ እንደሚቆጠር፣ ወዲያው እሺ ያለ እንግዳም ለምግብ እንደመጣ እንደሚታማ አስረዳኋት። ማራይከ ሜትሮ ጣቢያ እስክንደርስ ድረስ አሰበችበት። «እኛ ቤት ብስኩት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ይከደናል» አለች በመጨረሻ። ይኼንንማ በሕይወቴ አውቀዋለሁ አልኳት።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመልሼ አቶ በላይን በወጉ ለመንኳቸው። «ያቺ ሴትዮ ምን አስቀየምኳት? ብድግ ብላ ሄደች እኮ» እያሉ ሁለት ጊዜ እምቢ አሉኝ፤ በሦስተኛው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ስሜ በየማኅበሩ ተሰማ። ከተለማማጅነት ወጥቼ ሙሉ የለጋሾች ግንኙነት ሠራተኛ ሆንኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽም ኮራሁ።

አንድ ቀን ማራይከ አጠገቤ ተቀምጣ ስልክ ሳነጋግር ሰማችና፣ ደጋግሜ የምላት ቃል ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ። «‹በሞቴ› ነው፤ እምቢ ካሉኝ እኔ ልሙት እንደማለት» አልኳት። ስክሪኗን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «ጌታሁን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ሞት የምናወራው ከሩድ ጋር ብቻ ነው። ለጋሽ ፊት አይነሣም።» እሺ አልኳት። ግን ያለ «በሞቴ» ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አላውቅበትም ነበር።

ወይዘሮ ዓለሚቱን ያገኘኋቸው ስሜ በገነነበት በዚያ ሰሞን ነው። ሮተርዳም ዙይድ፣ አሮጌ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ መሰላል በሚመስልበት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን በቢሮ ጽዳት ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። ጥሩ ዓመት ሲገጥማቸውም ክፉ ዓመት ሲገጥማቸውም ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበራቸው። ራሳቸው ናቸው ደውለው የጠሩኝ።

«ለዓይን ነው አይደል የምትሠሩት?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አዎ እናቴ።»

«የኔን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። እዚሁ ሮተርዳም ገፈፉልኝ። ይኸው ቁልቁል መንገዱ ላይ የቆመውን ብስክሌት ቀለም እነግርሃለሁ። ለሌላውም ይገፈፍለት፤ ያለኝን ውሰዱ።»

ደስ አለኝ። እንዲህ በአንድ አፍ የሚሰጥ ሰው ማየት በእኛ ሥራ ብርቅ አይደለም፤ ቢሆንም ሁልጊዜ ደስ ይላል። ወደ ወርኃዊ ክፍያው ገባሁና አስረዳሁ።

«እሱስ ይቅር ልጄ። እኔ የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም» አሉ።

አንድ፣ አልኩ በልቤ።

«እናቴ፣ አሠራሩ ነው፤ ሁሉም ይቀበላል።»

«ሌላው ይቀበል። እኔ ይቅርብኝ አልኩህ።»

ሁለት።

«በሞቴ! ከአምስተርዳም ድረስ መጥቼ አያሳፍሩኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንዲያው አንተ ሰው እምቢ አይባልህም?» አሉና እሺ አሉ። እኔም ሦስት ብዬ፣ በሥራዬ ረክቼ፣ ደረጃውን በጎን በጎኔ ወረድኩ። ኖታሪሱ ዘንድ ስንቀርብም፣ «ገብቶዎታል?» ሲባሉ «ገብቶኛል» ብለው ፈረሙ። ገብቷቸውም ነበር።

የመጀመሪያው ክፍያ ተላከላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ባንክ ተሳስቶ ይሆናል ብለን ድጋሚ ላክን፤ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ።

የድርጅቱ ኮምፒውተር ተመልሶ የሚመጣውን ገንዘብ እንደ አዲስ ስጦታ ቆጠረው። ለወይዘሮ ዓለሚቱ በየወሩ የምስጋና ካርድ ይልክላቸው ጀመር። ቀጥሎ ታማኝ ለጋሽ ብሎ አበባ ላከላቸው፤ አበባውን ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። የቁጥጥር ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ፣ እየሄደ የሚመለስ ገንዘብ ወንጀል አያጣውም ብሎ ፋይላቸውን ለምርመራ ወሰደ። በአንድ በኩል አበባ፣ በሌላ በኩል ምርመራ። ማራይከ ጠራችኝና፣ «ሴትዮህ ምን እየሠሩ ነው?» አለችኝ። «ሄደህ እያቸው።»

የሄድኩት በጥር ብርድ ነው። በሩን ሲከፍቱልኝ ካፖርት ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ አጣፍተው ነበር።

«ካፖርትህን እንዳታወልቅ» አሉኝ።

ቤቱ ከውጭው ይብስ ነበር። ማሞቂያው ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ በረዶ ነው። የመንግሥት ጡረታቸው፣ እዚህ አኦዌ የምንለው፣ ሙሉ አልነበረም። ወደዚህ አገር በጉልምስና የመጣ ሰው ያልኖረበት ዓመት ሁሉ ይቀነስበታል። እስከዚያ ድረስ ቀዳዳውን ይሸፍኑ የነበሩት ባጠራቀሙት ገንዘብ ነበር። እሱን ደግሞ ለእኛ ሰጥተውናል።

«እናቴ፣ ለምንድነው ክፍያውን የሚመልሱት?»

«ስለት ነዋ» አሉ፣ ይኼም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። «ለገብርኤል ተስዬ። ዓይኔን ብትመልስልኝ ያለኝን ሁሉ ዓይን ላጣ እሰጣለሁ አልኩ። መለሰልኝ፤ ሰጠሁ። የተሳልኩትን መልሼ ልብላ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለት ለመንገደኛ ሁሉ ይወራል? እምቢ አልኩህ አይደል? ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«ከዚያ ለምን ፈረሙ?»

«በሞቴ አልከኛ! አንድ ፍሬ ልጅ በሞቴ እያለኝ እምቢ ብዬ ሕይወትህን ላስቀጥፍህ?»

አንድ ፍሬ ልጅ ያሉት እኔን፣ ባለ ሽበቱን ነው። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ግን ፈራሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ክረምቱን አይወጡትም ብዬ ፈራሁ። ቄስ ጠይቀው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ጠይቄያለሁ። ስትሳዪ ለራሴ ከፍዬ አስቀራለሁ ብለሻል? አሉኝ። አላልኩም አልኳቸው። እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ አሉኝ።»

በዚያ በኩል ያለው በር ተዘጋ። ገንዘቡ እሳቸውን ለማሞቅ ይበቃል፤ እሳቸው ደግሞ አይነኩትም። ነክተው ስለታቸውን ካፈረሱ የተመለሰው ዓይናቸው እንኳ ደስ አይላቸውም። ካልነኩት ደግሞ ብርዱ ይገድላቸዋል። ወደ ዴን ሃግ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ የሚያስቀኝ ነገር አልነበረም።

ለማራይከ ነገርኳት። «‹ኔ› ብለው ነበር?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ለምን እንደሆነ ጠየቅሃቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም። ሲጋበዙ ‹ለምን› ተብሎ አይጠየቅም።»

ማራይከ ውሉን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። አለቃዬ አንድ መልካም ነገር ነበራት፤ ውል ስታነብ መጨረሻው ድረስ ታነባለች። ወርኃዊ ክፍያው ሰጪው በመረጠው ሌላ ሰው ስም ሊላክ እንደሚችል የሚል አንቀጽ አገኘች። ሰጪው በሕይወት እስካለ ድረስ ተቀባዩ ሌላ ሰው ይሆናል።

ይኼንን ይዤ ሮተርዳም ተመለስኩ። ወይዘሮ ዓለሚቱ አዳምጠውኝ ለረጅም ጊዜ አላሰቡም። «እንግዲያው ለዘይነባ ይላክላት» አሉ። «እታች ያለችው ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ኑሮ ከብዷታል። ለተቸገረ መስጠት ስለቱን አያፈርሰውም፤ ያደምቀዋል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ካፖርት አለኝ።»

ያ መልስ አልተመቸኝም። ግን ያን ዕለት ሌላ መፍትሔ አልነበረኝምና ወደ ታች ወረድኩ።

እማማ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት። በቀይ ሻይ ተቀበሉኝ። ዓለሚቱ ምን እንዳሰቡላቸው ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከዚያም፣ «አይ! አይሆንም፤ እኔ ምን ሆኜ?» አሉ።

እኔ ደግሞ ትምህርቴን ቀስሜያለሁ። እምቢ ማለት እምቢ ነው፤ ማራይከ ነግራኛለች፤ ወይዘሮ ዓለሚቱም በብርድ አስተምረውኛል። «ይገባኛል እማማ፤ ፈቃድዎን አከብራለሁ» አልኩና ወረቀቴን ሰብስቤ፣ ሻዩን አመስግኜ ወጣሁ። እማማ ዘይነባ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ሜትሮው ማስ ወንዝን ሳይሻገር ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው።

«ምን አድርገሃት ነው ዘይነባን? እያለቀሰች እኔ ዘንድ ወጣች!»

«እምቢ አሉ እናቴ።»

«ታዲያ አንዴ እምቢ አለች ተብሎ ወረቀት ተሰብስቦ ይሄዳል? ‹ለማኝ መስዬው ነው፤ ይኼ የፈረንጅ ቢሮ ወግ አሳጥቶታል› እያለችህ ነው። ተመለስ!»

በሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ ተመለስኩ። ሁለቱም እታች ቤት ተቀምጠው ጠበቁኝ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ እማማ ዘይነባን ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ሁለተኛ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ቆም ብዬ፣ «እማማ፣ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አለ?» አልኩ።

«ምን ምክንያት ይኖረኛል? በወጉ ለምነኝ እንጂ!» አሉ።

ለመንኳቸው። እሺ አሉ።

ኖታሪሱ ዘንድ ሦስታችንም ቀረብን። ኖታሪሱ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ለውጡን አነበበና እማማ ዘይነባን በእኔ በኩል፣ «ይህ ክፍያ የሚቀጥለው ሜቭራው ዓለሚቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ መሆኑ ገብቶዎታል?» አላቸው።

«አልገባኝም። እሷ ከሞተች ይቆማል?» አሉ።

«ይቆማል» አልኩ።

«እኔ ብኖርም?»

«እርስዎ ቢኖሩም።»

እማማ ዘይነባ ቀስ ብለው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ተመለከቷቸው፤ እንደ ገበያ በሬ።

«ዓለሚቱ» አሉ፣ «ይኼ ሳል መቼ ነው የጀመረሽ?»

ኖታሪሱ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «ገብቷቸዋል» ብዬ ተረጎምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነውን ሩድ እንኳ አላሰላውም። የመጀመሪያው ክፍያ እንደደረሰ እማማ ዘይነባ ቤት ያለው ማሞቂያ ተከፈተ። ወዲያው ደረጃውን ወጥተው የወይዘሮ ዓለሚቱን በር ደበደቡ። «ውረጂ! ብርድ ገድሎሽ እኔን ሊያደኸየኝ?» ወይዘሮ ዓለሚቱ አልወርድም አሉ። ተለመኑ። አልወርድም አሉ። ተጎተቱ። ከዚያ በኋላ ቀኑን የሚውሉት እታች፣ ማሞቂያው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሆነ።

በየጊዜው ጎራ ስል አያቸው ነበር። ድስቱ ሁለት ነው። ሥጋ የየራሳቸው ነው፤ ምስሩና ዓሣው የጋራ። ጾም ሲገባ እማማ ዘይነባ ከወይዘሮ ዓለሚቱ ይብስ ቀን ይቆጥራሉ፤ «ይኼን ያህል መራቡ ላንቺ ደግ ነው ወይ?» እያሉ ይከራከራሉ። በረመዳን ደግሞ ራሳቸው እየጾሙ ለዓለሚቱ ምሳ ይሠራሉ። በመከር የጉንፋን ክትባት ሲመጣ ቀድመው ቀጠሮ የሚያስይዙላቸው እሳቸው ናቸው። ሁይስአርትስ የሚባለው የሰፈር ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብረው ገብተው ሐኪሙን ይመረምራሉ። የብስክሌት መንገድ ሲሻገሩ ክንዳቸውን ይዘው መሐል መንገድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ብስክሌተኛው ሁሉ ይራገማል።

አንድ ቀን ሳህን ቀርቦ ወይዘሮ ዓለሚቱ እንደልማዳቸው ሲያመነቱ፣ እማማ ዘይነባ፣ «በሞቴ ብዪ!» አሏቸው።

«በአንቺ ሞት ምን ይጎድላል? ገንዘቡ የሚቆመው በእኔ ሞት ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

«እንግዲያው በሞትሽ ብዪ!»

በሳቅ ሁለቱም እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሻዬን ሸሚዜ ላይ ደፋሁት።

በየዓመቱ መጀመሪያ ሩድ ፋይሎቹን ይዞ ይመጣና፣ «ሜቭራው ዓለሚቱ አሁንም አሉ?» ይለኛል። «አሉ» እለዋለሁ። መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርገዋል፣ መልሶ ያደርገዋል። በእሱ ሠንጠረዥ መሠረት ወይዘሮ ዓለሚቱ ከተሸኙ ቆይተዋል። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ አንድ ዓመት ከልቡ ጠየቀኝ። ማራይከ ቀና ሳትል፣ «ሠንጠረዥህ ላይ ጎረቤት የሚል ዓምድ የለም» አለችው። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አለቃዬን በጣም የወደድኳት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ግን በልቤ አንድ ሥጋት ይዤ ኖርኩ። ወይዘሮ ዓለሚቱ አንድ ቀን ነቅተው፣ የሚሞቁት በራሳቸው ስለት ገንዘብ መሆኑን አውቀው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደዚያ ቀዝቃዛ ቤት ይመለሳሉ ብዬ እፈራ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ፊት ስለ ክፍያው አንድም ቃል አውጥቼ አላውቅም። ስለ አየሩ አወራለሁ፤ ስለ ትራሙ አወራለሁ።

ጡረታ ልወጣ ስል ልሰናበታቸው ሄድኩ። እታች ተቀምጠዋል። እማማ ዘይነባ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ የማላውቅ እንዳይመስልህ።»

ደነገጥኩ።

«የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅሁት» አሉ። «ሞራው ከዓይኔ ላይ ተገፏል እኮ።»

«ታዲያ ስለትዎ?»

«ስለቴን ሰጥቻለሁ፤ አልቋል። እዚህ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ገንዘቡን ከየት አመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም።» ወደ ወጥ ቤቱ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያ ላይ ገብርኤል ያያል። እዚህ ቤት ሦስት ጊዜ እምቢ ሳልል አንድም ቀን ቀምሼ አላውቅም።»

እማማ ዘይነባ ሻዩንና ዳቦውን ይዘው ገቡ። «ብዪ» አሉ።

«አይ፣ አሁን በልቼ» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

አሁን እኔ ቤቴ ነኝ። ወይዘሮ ዓለሚቱ አሁንም አሉ፤ ሩድ ከእኔ በኋላ ጡረታ ወጥቶ ፋይሉን ለሌላ ሰው አስረክቧል። ወደዚያ ክፍል አዲስ የሚገቡ ልጆች አንዳንዴ እየደወሉ ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። የምነግራቸው አጭር ነው። እምቢ ያለን ሰው ከመለመናችሁ በፊት ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቁት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ፣ የሚለመን ከሆነ፣ በወጉ ለምኑት።